የሒሳብ ሊቁንና የሕዋስ ተመራማሪዋን በአንድ ቁጥር አንመዝን

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

የማዕረግ ዕድገት የሚሰጡና የምርምር ገንዘብ የሚያከፋፍሉ ኮሚቴዎች የአመልካቾችን የጽሑፍ ብዛትና ጽሑፎቹ በሌሎች የተጠቀሱበትን ጊዜ በአንድ ሰንጠረዥ ደርድረው ደረጃ ሲያወጡ እናያለን። የሒሳብ ሊቁ፣ የሕዋስ ተመራማሪዋና የታሪክ ምሁሩ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። የምጽፈው ይህ እንዲታረም ነው።

ስሙ በብዛት የሚነሳው ኤች-ኢንዴክስ ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው። የምሁሩ ጽሑፎች ከሁሉ ይበልጥ ከተጠቀሰው ጀምሮ ወደ ታች ይደረደራሉ፤ አንድ ጽሑፍ ቢያንስ የተራ ቁጥሩን ያህል ጊዜ ከተጠቀሰ ያልፋል፤ ያለፉት ብዛት ኤች-ኢንዴክሱ ነው። የተጠቀሱባቸው ጊዜያት 40፣ 22፣ 15፣ 9፣ 6፣ 5፣ 3 ቢሆኑ፣ አምስተኛው 6 ጊዜ ስለተጠቀሰ ያልፋል፤ ስድስተኛው ግን 5 ጊዜ ብቻ ስለሆነ አያልፍም፤ ውጤቱ 5 ነው። የመጀመሪያው ከ40 ወደ 400 ቢያድግ እንኳ ያው 5 ነው። ደግሞም ከዓመት ዓመት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ጀማሪን ከአንጋፋ ጋር ማወዳደሪያ አይሆንም። ሂርሽ ራሱ በሥነ ሕይወት የሚገኘው ቁጥር ከፊዚክሱ እንደሚበልጥ በዚያው ጽሑፉ አመልክቷል፤ ይህን ማስጠንቀቂያ ግን ብዙዎች ዘለውታል።

ልዩነቱ ከትጋት የመጣ አይደለም። በሕዋስ ምርምር የዋቢዎች ዝርዝር ረጅም ነው፣ ተመራማሪውም ብዙ ነው፣ አዲስ ጽሑፍ ቶሎ ይጠቀሳል። በሒሳብ ዝርዝሩ አጭር ነው፤ አንድ ቲዎረም ተፈትሾ በሌላ ሥራ እስኪገባ ዓመታት ይፈጃል። የታሪክ ምሁር ዋና ሥራው መጽሐፍ ነው፣ የሚጠቅሱትም በአብዛኛው መጻሕፍት ናቸው። ጽሑፎችና ጥቅሶቻቸው የሚመዘገቡባቸው ስኮፐስና ዌብ ኦቭ ሳይንስ የተባሉት የመረጃ ቋቶች ግን በዋናነት የሚመዘግቡት ጆርናሎችን፣ ያውም በብዛት የእንግሊዝኛዎቹን ነው። እዚያ የታየ ዜሮ «አልተመዘገበም» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «አልተነበበም» ተብሎ መተርጎሙ ግፍ ነው።

መፍትሔው እያንዳንዱን ጽሑፍ ከእኩዮቹ ጋር ማነጻጸር ነው፦ በተመሳሳይ መስክ፣ በተመሳሳይ ዓመት፣ በተመሳሳይ የጽሑፍ ዓይነት። 12 ጊዜ የተጠቀሰ የሒሳብ ጽሑፍ የእኩዮቹ አማካይ 6 ከሆነ ውጤቱ 2 ነው፤ 40 ጊዜ የተጠቀሰ የሕዋስ ጽሑፍ አማካዩ 50 ከሆነ 0.8 ነው። 1 ማለት ልክ አማካዩን ማለት ነው። እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። ጥቂት እጅግ የተጠቀሱ ጽሑፎች አማካዩን ስለሚጎትቱት፣ ከምሁሩ ሥራዎች ስንቱ በመስኩ ከፍተኛ 10 በመቶ ውስጥ እንደገባ መቁጠር ይሻላል። አምስት ስድስት ጽሑፍ ብቻ ላለው ሰው ግን የትኛውም ስሌት አይጸናም፤ ጽሑፎቹን ማንበብ ነው።

የደራሲ ብዛትም አለ። አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉት የፊዚክስ ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ2015 ሂግስ ቦዞን የተባለውን ቅንጣት ክብደት በጋራ ሲያሳትሙ 5,154 ደራሲዎች ተዘርዝረዋል። ለእያንዳንዳቸው ሙሉ ነጥብ መስጠት ብቻውን ከሠራው ሰው ጋር እኩል ማድረግ ነው፤ ነጥቡ በደራሲዎቹ ቁጥር ይካፈል። የስም ቅደም ተከተልም ያሳስታል፤ በሒሳብና በምጣኔ ሀብት ብዙ ጊዜ በፊደል ተራ ሲሆን፣ በሕክምና ምርምር የመጨረሻው ስም አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ሙከራው መሪ ነው።

ኢምፓክት ፋክተርን የምሁር መለኪያ ማድረግም ይቅር። ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዘንድሮው ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይናገራል፤ ስለ አንዱ ጽሑፍ ግን ምንም አይልም።

ኮሚቴዎች ከቁጥሩ ጎን የመረጃ ቋቱን ስምና የተወሰደበትን ቀን ይጻፉ። ጎግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ያልታተሙ ረቂቆችንም ስለሚቆጥር ቁጥሩ ከስኮፐስ ይበልጣል፤ አንዱን አመልካች ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ መውሰድ አይገባም። ደራሲው ራሱን የጠቀሰበት ተቀንሶም ሳይቀነስም ይታይ። ስሙ በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት የተጻፈ ሰው መዝገቡ ለሁለት ይከፈላል፣ ኤች-ኢንዴክሱም ያንሳል፤ አንዱን ተመራማሪ ከሌላው የሚለየውን ባለ 16 አሃዝ የኦርኪድ መለያ ከማመልከቻው ጋር መጠየቅ ይህን ይቀንሳል። ከውሳኔው በፊትም አመልካቹ ዝርዝሩን አይቶ የጎደለውን ያሟላ፣ የእሱ ያልሆነውንም ያስወጣ።

ከአክብሮት ጋር