«ተበላሽቷል» የተባለው የአያቴ ድምፅ አልተበላሸም ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የምሰራ ሹፌር ነኝ፣ ጋዜጣችሁን መናኸሪያ ተራ ስጠብቅ ነው የማነበው። የምጽፍላችሁ ስለ ፍላሽና ስለ ሚሞሪ ነው፣ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን አይደለም፣ እዚህ ከተማችን ውስጥ ሰው «ፋይሉ አልነበብ አለ» እየተባለ የእናቱን የአባቱን ድምፅ እያስጠፋ ነው፣ እኔም የአያቴን ላስጠፋ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አያቴ ባለፈው አመት ነው ወደ አኼራ የሄደችው፣ አላህ ይዘንላት። ቦሩ ሜዳ የሚያውቋት ሁሉ የሚያነሱት መንዙማዋን ነው፣ ወዳጃ ላይ ድቤዋን ይዛ ስትጀምር ቡና የምትቀዳዋ ልጅ ጀበናውን እንዳንጠለጠለች ቆማ ትቀር ነበር። እናቴ አንድ ሐሙስ ማታ በድሮ ኖኪያ ስልኳ ቀድታታለች፣ 40 ደቂቃ ይሆናል። በ2014ቱ ጦርነት ከቤታችን ኮምፒውተሩም ቴፑም ያ ሁሉ ካሴትም ሲሄድ ያቺ ስልክ እናቴ መቀነቷ ውስጥ ስለነበረች ብቻ ተረፈች። ስለዚህ የአያቴ ድምፅ ያለን እሱ ብቻ ነው፣ ሌላ የለም።

ለሰደቃዋ ቀን ዘመድ ሁሉ እንዲሰማው ብዬ ስልኳን ይዤ ፒያሳ ሚሞሪ የሚጭን ሱቅ ሄድኩ። ልጁ በገመድ ሰካና ፋይሉን አወጣ፣ ወደ ፍላሼ ገለበጠው፣ እሱ ጋ ያለው ማጫወቻ ላይ ሲሰካው አልታይ አለ። «ቆይ» ብሎ የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ያሉትን ሶስት ፊደላት አጥፍቶ ኤምፒ3 ብሎ ጻፈበት፣ አሁን ስሙ መጣ፣ «በቃ ይሰራል» አለኝ፣ 100 ብር ከፍዬ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስሰካው ስሙ ይታያል፣ ደቂቃው ግን ዜሮ ዜሮ ነው የሚለው፣ ሁለት ሰከንድ ዝም ይልና ወደሚቀጥለው ዘፈን ያልፋል። አጠፋሁ አበራሁ፣ ነቅዬ ሰካሁ፣ ያው ነው። ተመልሼ ስሄድ «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ፍላሽህም ቫይረስ ሳይኖረው አይቀርም፣ ፎርማት ላርግልህ፣ ስልኳም ሞልታለችና አብሬ ላጽዳት» አለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ እሺ ልል ነበር፣ ደንበኛ ደውሎ ቶሎ ና ስላለኝ ብቻ ነው ይዤ የወጣሁት።

ማታ የእህቴ ልጅ መጣች፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የምትማረው፣ ነገርኳት። ላፕቶፗን ከፍታ ፍላሹን ሰካችና መጀመሪያ ያየችው የፋይሉን መጠን ነው። «አጎቴ ስንት ደቂቃ ነው አልከኝ?» 40 አልኳት። «ታዲያ ለምንድነው 4 ሜጋ እንኳን የማይሞላው?» አለች። ቀጥላ ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ተራ ኤምፒ3፣ 128 ኪሎቢት የሚባለው፣ በደቂቃ 1 ሜጋ ገደማ ይይዛል፣ ስለዚህ 40 ደቂቃ ከሆነ ወደ 38 ሜጋ መምጣት ነበረበት። ከሲዲ እንዳለ የወጣ ዋቭ፣ ምንም ያልተጨመቀው የድምፅ አይነት፣ ደግሞ በደቂቃ 10 ሜጋ ነው። የድሮ ስልኮች ድምፅ ሲቀዱ የሚያስቀምጡት ግን ኤኤምአር በሚባል አይነት ነው፣ ለስልክ ንግግር ተብሎ የተሰራ፣ በጣም የተጨመቀ፣ 40 ደቂቃው 4 ሜጋ የማይሞላው ለዛ ነው። ይሄንን ደግሞ የመኪና ቴፕ አያውቀውም። ፋይሉ ጤነኛ ነበር ማለት ነው፣ ቴፑ ነው ቋንቋውን የማይችለው።

ከዛ አንድ ነገር አሳየችኝ። ፋይሉን ኮፒ አርጋ ኮፒውን በኖትፓድ፣ ኮምፒውተር ላይ ባለው ጽሁፍ መጻፊያ፣ ከፈተችው፣ ገጹ ሙሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ነው፣ መጀመሪያው ላይ ግን ኤ ኤም አር የሚሉት ሶስት ፊደላት ቁጭ ብለዋል። ስሙ ኤምፒ3 ይላል፣ ሆዱ ውስጥ ግን ኤኤምአር ነው! ዋቭ ቢሆን አር አይ ኤፍ ኤፍ፣ ኦግ የሚባለው የድምፅ አይነት ቢሆን ኦ ጂ ጂ ኤስ ይል ነበር፣ ብዙ ኤምፒ3ዎች ደግሞ አይ ዲ 3 ብለው ነው የሚጀምሩት። ይሄን የምትሞክሩ ሰዎች አደራ ሴቭ ሳትሉ ዝጉት፣ ኖትፓድ ሴቭ ካረገው ያኔ እውነትም ይበላሻል፣ ለዛ ነው በኮፒው የምትሰሩት።

ያንኑ «ተበላሽቷል» የተባለውን ፋይል ቪኤልሲ በሚባል ማጫወቻ ስትከፍተው የአያቴ ድምፅ ወጣ። እናቴ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቪኤልሲ ነጻ ነው፣ ስልክም ኮምፒውተርም ላይ ይጫናል፣ ስሙን ሳይሆን ውስጡን አይቶ ስለሆነ የሚያጫውተው ለመፈተሻ ከሱ የሚሻል አላየሁም። ቪኤልሲ ላይ የሚሰራ ፋይል መኪና ላይ እምቢ ካለ ፋይሉ አልተበላሸም፣ አይነቱ ነው መቀየር ያለበት። መቀየር ማለት ደግሞ ስሙን መጻፍ ሳይሆን ኮንቨርት ማድረግ ነው፣ እዛው ኮምፒውተር ላይ ባለው ቪኤልሲ ሚዲያ የሚለውን ከፍቶ ኮንቨርት የሚለውን መርጦ ኦዲዮ ኤምፒ3 ማለት ነው፣ ሌላ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም። የኛው ተቀይሮ ሲያልቅ ወደ 38 ሜጋ መጣ፣ መኪናው ላይ ያለ ምንም ችግር ገባ። ድምፁ ግን አልጠራም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የድሮው ስልክ ሲቀዳ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ቆርጦ ስለጣለው ድቤው እንደ ቆርቆሮ ነው የሚሰማው፣ የተቆረጠውን ደግሞ ኮንቨርት ማድረግ አይመልሰውም። ቢሆንም እሷ ናት፣ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። ዋናው ኤኤምአሩን አላጠፋነውም፣ እናቴ ስልክ ላይም የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይም አለ፣ ነገ የሚሻል ነገር ቢመጣ የሚሰራው ከዋናው ነውና።

ይሄን ተራ ላይ ለጓደኞቼ ስነግር ግማሹ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። አንዱ እህቱ ጅዳ ናት፣ በቴሌግራም ድምፅ እየቀዳች ነው ለእናታቸው የምትልክላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ስልክ መነካካት አይችሉም፣ በትንሿ የፍላሽ ራዲዮ ነው መስማት የሚፈልጉት፣ ራዲዮዋ እምቢ አለች። ቴሌግራም በማይኩ ይዘን የምንልከውን ድምፅ የሚያስቀምጠው ኦግ አርጎ ነው፣ ውስጡ ኦፐስ የሚባል፣ ለኢንተርኔት ጥሩ ነው ርካሽ ራዲዮ ግን አያውቀውም። እሱም ኮንቨርት ነው መፍትሄው። እንደውም አይፎን ያላቸው ሰዎች ኮምፒውተር ላይ በአይቲውንስ፣ ዘፈን ወደ አይፎን በሚያስገባው ፕሮግራም፣ ሊያስገቡት ሲሉ ኦግንም ፍላክ የሚባለውንም የድምፅ አይነት አይቀበልም፣ አይቀበልም ብሎም አይናገር፣ ጎትተህ ስትጥለው ዝም ነው፣ ሰውየው ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ሌላው ፍላሹ ራሱ ነው። አሁን 64 ጊጋ ፍላሽ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ፋይል የሚያስቀምጥበት አሰራር ኤክስፋት የሚባለው ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ብዙ የመኪና ቴፖች ደግሞ ፋት32 የሚባለውን የድሮውን አሰራር ብቻ ነው የሚያነቡት፣ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ፋይል ይታያል ቴፑ ግን ምንም የለም ይላል። እዚህ ላይ ወደ ፋት32 ፎርማት ማድረግ ትክክለኛ መፍትሄ ነው፣ አልክድም፣ ግን መጀመሪያ ውስጡ ያለው ሁሉ ሌላ ቦታ ይገልበጥ፣ ተገልብጦም ተከፍቶ ይሰማ፣ ከዛ ነው ፎርማት! ፎርማት የተደረገ ነገር እንደ ሐረጎ ቁልቁለት ነው፣ መሀል ላይ ሀሳቤን ቀየርኩ አይባልም። ፋይሉ 0 ኪሎባይት የሚል ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኮፒው ሳያልቅ ፍላሹ ተነቅሏል ማለት ነውና ከመጀመሪያው ቦታ እንደገና መገልበጥ ነው፣ ከመንቀላችሁ በፊት ኢጀክት በሉት።

ሚሞሪና ፍላሽ የምትጭኑ ወንድሞቻችንን ልለምናችሁ ነው የጻፍኩት። ስራችሁን አከብራለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው እየተጋፋባችሁ በአንድ ኮምፒውተር ነው የምትሰሩት፣ ዘፈን ሲሆን ቢጠፋም ሌላ ይጫናል። ግን አንዲት እናት የድሮ ስልክ በመሀረብ ጠቅልላ ይዛ ስትመጣ እሱ ዘፈን አይደለም። መጠኑን እዩ፣ በቪኤልሲ ክፈቱት፣ ካልቻላችሁ «እኔ አልቻልኩም ሌላ ሰው ጋ ውሰጂው» በሏት፣ እንደዛ ያለ ሰው ማንም አይቀየመውም። ተበላሽቷል አትበሉ፣ ምክንያቱም ተበላሽቷል ሲባል ሰው ያጠፋዋል፣ ቦታ ይያዝብኛል ብሎ። ስሙን ቀይሮ ገንዘብ መቀበል ደግሞ ተዉት፣ ያ ፋይል ቤት ሲደርስ አይሰራም፣ ያኔ ሰውየው ችግሩ የድምፁ ነው ብሎ ነው የሚያምነው።

በየቤቱ ያላችሁ ደግሞ የድሮ ስልክ ካለ ቻርጀሩን ፈልጉለት፣ ባትሪው አብጦ ከሆነ በዛው አትሰኩት፣ ባትሪ ይቀየርለት። ከተነሳ የተቀዳ ድምፅ የሚቀመጥበትን ፎልደር ከፍታችሁ እዩ። የእህቴ ልጅ ከእናቴ ስልክ ውስጥ እኛ የማናውቃቸው ሌላ ሁለት ቅጂዎች አገኘች፣ አንዱ አያቴ በርበሬ ስትደልዝ ከጎረቤት ጋር የምታወራው ነው፣ 6 ደቂቃ ብቻ፣ እናቴ መቅዳቷንም አታስታውስም።

አዘጋጆች ሆይ፣ ደብዳቤው እንደረዘመ አውቃለሁ። ቦታ ካነሳችሁ የአይፎኑን ቁረጡት፣ ስለ ፎርማት ያልኩትን ግን እባካችሁ እንዳለ አውጡልኝ።

የደሴ ኮምቦልቻ መስመር ሹፌር
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ