ለልጄ፦ ሽታውን ሽቶ አታልብሺው

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ከለበሰ ሰንብቷል፤ ጉልበቴም እሱን ተከትሎ ያጉረመርማል፤ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

የምጽፍልሽ ስልክ ላይ ስነግርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። አክስትሽ ካንቺ ጋር ከኮምቦልቻ የመጣች ዕለት ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ነው የነገረችኝ። ኤሲው ሲከፈት መኪናሽ የእርጥብ ጨርቅ ጠረን እንደሚያመጣ፣ አንቺ ደግሞ በየአየር ማውጫው ሽቶ እንደሰካሽበት፣ እሷን ራሷን እንዳዞራት። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሽታውን ጠልተሽ ኤሲውን ዘግተሽ፣ ጉም ሲይዝሽ ፓራብሬዛውን በእጅሽ እየጠረግሽ መንዳትሽ ነው። ሐረጎ ዳገት ላይ! በአንድ እጅ!

አብሽሪ፣ ልቆጣሽ አይደለም። ኧረ እቆጣለሁ፤ አባትሽ አይደለሁ?

ስሚኝ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ኢቫፖሬተር የሚሉት ትንሽ ራዲያተር የሚመስል ዕቃ አለ። ኤሲው ሲሠራ ይቀዘቅዝና ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ያልበዋል። ውሃው በቀጭን ቱቦ መሬት ላይ መንጠባጠብ አለበት። አንቺ ግን በኮምቦልቻ ሙቀት ስታቀዘቅዢ ቆይተሽ በር ላይ ስትደርሺ ሁሉንም ባንዴ ታጠፊዋለሽ። እርጥበቱ እዚያ ጨለማ ውስጥ ያድራል፣ ይሻግታል፤ ጠዋት የሚቀበልሽ እሱ ነው። ሽቶ ሻጋታ አይገድልም። ሽቶ አትርጪበት።

ከመድረስሽ ጥቂት ደቂቃ አስቀድመሽ የኤሲውን ቁልፍ ብቻ አጥፊ፤ ፋኑ ይንፋ፣ ያድርቀው። ወደ እኛ ስትመጪማ መንገዱ ራሱ ያግዝሻል፤ ከ1,800 ሜትር አካባቢ ተነስተሽ 2,500 አካባቢ ነው የምትወጪው፣ ብርዱ ሳትጠሪው ይመጣል። ጉም ካለ ግን ኤሲውን እንዳትዘጊ! አየሩን የሚያደርቅልሽ እሱ ነው። ሙቀቱን ጨምሪ፣ ንፋሱን ወደ መስታወቱ አድርጊ፣ አየር ከውጭ ይግባ። ያቺ መኪና ውስጥ የሚዞር ቀስት ያለባት ቁልፍ እንደበራች ከቆየች ትንፋሽሽን መልሳ ታጠጣሻለች፤ መስታወት ታስጉማለች፣ እንቅልፍም ታመጣለች።

የኤሲውን አየር ማጣሪያ ፊልትሮ ቀይሪው። የቪትዝ ከተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ ነው፤ መሳቢያውን ስታወርጂው ታገኚዋለሽ። አዲሱ ላይ ያለው ቀስት የአየሩን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው፣ አትገልብጪው። ከዝናብ መጥረጊያው ሥር የተጠራቀመውን ቅጠልም ልቀሚ። የተሳፋሪው ምንጣፍ ከረጠበና ኤሲው እየሠራ ከመኪናው ሥር ውሃ ካልተንጠባጠበ ቱቦው ተደፍኗል፤ መካኒክ ይክፈትልሽ፤ ኢቫፖሬተሩንም ለዚሁ በተሠራው አረፋ ይጠብልሽ። በረኪና የሚልሽ ካለ እሺ እንዳትይ፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ አንቺንም ያፍንሻል።

ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝ ነገር አለ፤ እናትሽ ታውቀዋለች፣ ላንቺ በደንብ አልነገርኩሽም። የአሰብ መንገድ በ1990 ከመዘጋቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። ሾፌሬ ጋቢናው ውስጥ ጭስ ጭስ ሲሸተው ባቲ ገበያ አሪቲ ገዝቶ ፊት ለፊቱ ደረደረ። እውነት ለመናገር ደስ ይል ነበር። በረሃው ላይ መስኮት ክፍት ስለሆነ ምንም አልሆንን። ስንመለስ ኮምቦልቻን አልፈን ሐረጎን ስንጀምር ሌሊት ነበር፤ ብርድ ስለሆነ መስታወት ዘጋን። እኔ ራሴን ወቀረኝ። እሱ ሲያዛጋ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ዝም አለ፤ ዘፈኑን ሁሉ ተወው። መኪናው ወደ ገደሉ ዘንበል ሲል መሪውን የያዝኩት እኔ ልሁን እሱ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ቆመን በሩን ስንከፍት ሁለታችንም መቆም አቅቶን መሬት ላይ ተዘረርን፤ አስመለሰን። የነቃነው ሌላ መኪና ቆሞ ጥሩንባ ሲያሰማብን ነው። በነጋታው ሲታይ ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ ከሞተሩ በሚገናኝበት ተሰንጥቋል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ጋዝ ነው፣ እሱ ራሱ ሽታ የለውም፤ የሚያስጠነቅቀው አብሮት የሚመጣው ጭስ ነበር። ያንን ደግሞ በአሪቲ ሸፈነው። ያ ሰው ከዚያ ወዲህ ሌሊት አልነዳም። ዱንያን በሰላም ኖሮ ነው ያለፈው፣ አላህ ይማረው።

ስለዚህ ልጄ፣ ሽቶ አትርጪበት። ሻጋታ ከሸተተሽ ያልኩሽን አድርጊ። ጣፋጭ ነገር ከሸተተሽና መስታወቱ በቅባት መሳይ ነገር ከደበዘዘ የራዲያተሩ ፈሳሽ በማሞቂያው በኩል እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑን እዪ፣ ክዳኑን ግን ሞተሩ ሳይበርድ አትንኪ። ጭስ ከሸተተሽ መስኮት ከፍተሽ ዳር ያዢ፣ ሞተር አጥፊ፣ ውረጂ፣ ደውይልኝ። ሌሊትም ቢሆን ደውይ። ሞተር እየሠራ መስኮት ዘግተሽ እረፍት አደርጋለሁ ብለሽ እንዳታሸልቢ።

እነዚያን የሰካሻቸውን ነገሮች ዛሬውኑ አውጥተሽ ጣያቸው። ውድ እንደሆኑ አክስትሽ ነግራኛለች፤ ይሁን።

እሑድ ስትመጪ ፊልትሮውን ይዘሽ ነይ፣ አብረን እንቀይረዋለን። ማርሚታውንም ከሥር ገብቼ ማየት እፈልጋለሁ፤ መኪናዋ መብረድ ስላለባት ከምሳ በፊት ድረሺ።

አባትሽ