ስለ ክትባት ምህንድስና ለወዳጄ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ቢሆነንም፣ በመጨረሻው ደብዳቤህ «ክትባት የሐኪሞች ሥራ ሆኖ ሳለ መሐንዲስ ምን ይሠራበታል?» ብለህ የጠየቅኸኝ ከአእምሮዬ አልወጣም።

መልሱን ከአርኤስቪ ልጀምር፤ ሕፃናትንና አረጋውያንን ክፉኛ የሚያጠቃ የመተንፈሻ አካላት ቫይረስ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቫይረሱን ፎርማሊን በተባለ ኬሚካል ገድለው ያዘጋጁት ክትባት ሲሞከር፣ የተከተቡት ሕፃናት በኋላ ቫይረሱ ሲይዛቸው ካልተከተቡት ይበልጥ በጠና ታመሙ፤ ከእነርሱም ሁለቱ ሞቱ። ከዓመታት በኋላ እንደታወቀው አንዱ ዋና ምክንያት የቅርጽ ጉዳይ ነበር። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ለመግባት የሚጠቀምበት ፕሮቲን ከመግባቱ በፊት አንድ ዓይነት ቅርጽ ሲኖረው፣ ከገባ በኋላ ሌላ ይሆናል። ብርቱዎቹ አንቲቦዲዎች (ሰውነት ቫይረስን የሚከላከልባቸው ፕሮቲኖች) በአብዛኛው የሚያነጣጥሩት በመጀመሪያው ቅርጽ ላይ ሲሆን፣ በዚያ ክትባት የነበረው ፕሮቲን ግን አስቀድሞ ተለውጦ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ጄሰን ማክሌላን፣ ባርኒ ግራሃምና ባልደረቦቻቸው ጥቂት አሚኖ አሲዶችን (ፕሮቲን የሚገነባባቸውን ጥቃቅን ክፍሎች) በመቀየር ፕሮቲኑ የመጀመሪያ ቅርጹን እንዳይለቅ አጸኑት፤ በዚሁ መንገድ የተሠሩ ክትባቶችም በ2023 ፈቃድ አገኙ። በብዙዎቹ የኮቪድ ክትባቶች ውስጥ ሁለት ፕሮሊን የተባሉ አሚኖ አሲዶች የገቡት ለዚሁ ዓላማ ነው። ይህ በአቶም ደረጃ የተሠራ የምሰሶ ማጠናከሪያ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል?

ክትባቱን ማድረሱም የራሱ ጥበብ አለው። ኤምአርኤንኤ፣ ማለትም ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራበትን መመሪያ የያዘው ሞለኪውል፣ ብቻውን ወደ ሰውነት ቢገባ ወዲያው ስለሚበጣጠስ፣ በጥቃቅን የስብ ቅንጣቶች ተሸፍኖ ይሰጣል። ከስቦቹ አንዱ በደም ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙላት የለውም ማለት ይቻላል፤ ሕዋሱ ቅንጣቱን ውጦ አሲዳማ ወደሆነው ከረጢት ሲያስገባው ግን አወንታዊ ሙላት ይይዝና የከረጢቱን ግድግዳ አናግቶ ጭነቱን ይለቃል። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ኤምአርኤንኤው የሰውነትን መከላከያ ከመጠን በላይ እንዳያስቆጣ ስላደረጉበት ሥራ የ2023ን የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ስለ ስቦቹ የደከሙት ግን እምብዛም ሲነሡ አልሰማም፤ ይህም ሚዛናዊ አይመስለኝም።

እንደ እኔ አስተያየት፣ ንድፉ ቀድሞ ማድረሱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ከመጀመሪያዎቹ የኤምአርኤንኤ ክትባቶች አንዱ በ70 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች መቀመጥ ነበረበት፤ እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ በሌለበት ሁሉ ንድፉ ብቻውን ማንንም አያድንም። ስለዚህ ተስፋዬን የጣልሁት በቆዳ ላይ ተለጥፎ በሚሟሙ ጥቃቅን መርፌዎች የደረቀ ክትባት በሚያስገባው ልጥፍ ላይ ነው። በጋምቢያ በአዋቂዎች፣ በታዳጊ ሕፃናትና በጨቅላዎች ላይ የተደረገው የኩፍኝና የሩቤላ ልጥፍ ሙከራ ውጤት በ2024 ሲታተም፣ ያስገኘው የመከላከል አቅም ከተለመደው መርፌ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

የሚቀረው ከባድ ነገር፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጥፎችን በንጽሕና፣ አንዱ ከሌላው ሳይለይና በአነስተኛ ወጪ ማምረት ነው። አንተ የፋብሪካን ሥራ ከእኔ በላይ ታውቃለህና፣ ችግሩ ከማሽኑ ነው ወይስ ከጥራት ቁጥጥሩ የሚመነጨው ብለህ ታስባለህ? ሐሳብህን ጻፍልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ