የሳማ ወጥ የበላንበት ዓመት

የአካባቢ ዕፅዋት ክበባችን መስከረም 2017 ላይ ሲጀመር 14 አባላት ነበሩት። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ ማንም ሳይዘራው በቅሎ የምትበሉት ምን አለ? ቀጋ፣ ኮሽም፣ እንጆሪ አሉ። ከብት ሲያግዱ ያደጉት ደግሞ አንዴ ከጀመሩ ማን ያስቁማቸው! ሳማን ግን ማንም አልጠራም። ሁሉም ከወጡ በኋላ አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ በር ላይ ጠበቀችኝና «ቲቸር፣ እኛ ቤት ክረምት ላይ ሳማ እንበላለን፤ ግን ልጆቹ እንዳይሰሙ» አለችኝ።

ይህ ነገር ዓመቱን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም። ሳማ የችግር ቀን ምግብ ነው ተብሎ ይታፈርበታል። እርግጥ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ሲራቆት፣ አዲሱ እህል ገና ሳይደርስ፣ ስንቱን ቤት ያሻገረ ቅጠል ነው። ብረትና ካልሲየም አለው። ሳይንሳዊ ስሙም ኡርቲካ ሲሜንሲስ ነው፤ የሰሜን ተራሮቻችንን ስም ይዞ የሚጠራ ተክል እንዴት ያሳፍራል?

ጥቅምት ላይ ስለሚበላው ከማውራታችን በፊት ስለማይበላው ተማርን። አጥራችን ሥር አስተናግር ሞልቷል። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ እሾሃማውን ፍሬ ፈልቅቆ፣ ዘሩን መዳፉ ላይ ይዞ «ይሄስ ይበላል?» ሲለኝ ክው አልኩ። አስተናግር ያስለፈልፋል፣ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ይገድላልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አካባቢውን የሚያውቅ ትልቅ ሰው አይቶ ስሙን ካልነገረን፣ እኔም ከመጽሐፍ ካላመሳከርኩት በቀር ወደ አፍ የሚገባ ነገር የለም። አስፋልት ዳር የበቀለና ፀረ አረም የተረጨበት ማሳ ውስጥ ያለ ደግሞ ጭራሽ አይነካም።

ከዚያ ቀጋ ለቀምን። የሚበላው ቀዩ ሥጋ ብቻ ነው፣ ውስጥ ዘሩ ዙሪያ ያለው ፀጉር ጉሮሮ ያሳክካል። ለወፎቹም አስተረፍን። ከጣርማ በር ቁልቁል አያቶቹ ጋ የሄደ ልጅ አጋም አምጥቶልን ከንፈራችን ሁሉ ጠቆረ።

የዓመቱ ትልቁ ቀን ግን መጋቢት ላይ፣ በጾሙ ነው። የዚያች ልጅ አያት እማማ ግቢያችን ድረስ መጡልን። ሳማ ከበረት ጀርባና ከፍርስራሽ ቤት የማይጠፋው ፍግ ያለበትን አፈር ስለሚወድ ነው ብዬ ሳስረዳ፣ እሳቸው ሳቅ ብለው «እኛማ ድሮም የምንቀጥፈው ከዚያው ነው» አሉ። ለጋውን ጫፍ ብቻ አስቀጠፉን፤ ያበበውና የጠነከረው አይሆንም። በጓንት ቀጠፍን፣ አጠብን፣ ቀቀልን። የሚለበልበው ፀጉር በፈላ ውኃ ኃይሉን ያጣል፤ ልጆቹ ይህን ያመኑት እማማ የበሰለውን ቅጠል በባዶ እጃቸው ሲያነሱ ካዩ በኋላ ነው። ከዚያ በደንብ ታሸ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ገባበት፣ በባቄላ ዱቄት ተማሰለ። በእንጀራ በላነው። ድስቱ ተጠረገ!

አሠራሩን ቆማ ለክፍሉ ያስረዳችው ያቺው የ8ኛ ክፍል ልጅ ናት። «እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው» ብላ ጀመረች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

አሁን 23 ሆነናል። መስከረም ላይ መቀላቀል የምትፈልጉ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ባዮሎጂ ክፍል ኑ። ወፈር ያለ ጓንት ያዙ፣ ከመምጣታችሁ በፊት ደግሞ አያቶቻችሁን ስለ አንድ ተክል ጠይቁልኝ።