ብቻህን አትግባ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ እናትህን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ። እህትህ የወደቡ ሠራተኞች ተወካያቸው አድርገው መረጡህ አለችን። እናትህ እልል አለች። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። አለቆቹ ቢሮ ብቻህን አትግባ።

እዚያው ኒውዚላንድ፣ አንተ ያለህበት ደኒዲን ከተማ፣ ጆን ሚላር የሚባል ሰው ነበር። ሕንድ ተወልዶ፣ በልጅነቱ መርከብ ላይ ወጥቶ ካፒቴን የሆነ። ኋላ የመርከበኞች ማኅበር መሪ ሆነ። በፈረንጆቹ 1889 መርከበኛውን፣ የወደብ ሠራተኛውንና ከሰል ቆፋሪውን ባንድ ምክር ቤት ካሰባሰቡት አንዱ እሱ ነው። በ1890 ትልቁን አድማ መሩ፤ ተሸነፉ። እሱ ግን በ1893 ፓርላማ ገባ። ኒውዚላንድ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ነበረች። በ1906 ሚኒስትር ሆነ።

በ1908 እዚያው ኒውዚላንድ ብላክቦል በሚባል ቦታ የከሰል ቆፋሪዎች አድማ መቱ። ለምን መሰለህ? የምሳ ሰዓታቸው 15 ደቂቃ ነበር፤ 30 ይሁንልን ነው ያሉት! ማኅበራቸው 75 ፓውንድ ተቀጣ። የሠራተኛ ሚኒስትሩ ማን ነበር? ራሱ ሚላር። በ1912 ጭራሽ የድሮ ወገኖቹን ትቶ ድምፁን ለተቃዋሚዎቹ መሪ ለማሲ ሰጠ።

ልፈርድበት ግን አፍ የለኝም። አሰብ ወደብ ስሠራ የሆነውን ለእናትህም በወጉ አልነገርኳት። በዚያ ሐሩር ቀትር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይቅረብልን ብለን ተማከርንና አንተ ተናገርልን ብለው ላኩኝ። ብቻዬን ገባሁ። ሰውየው ወንበር ሳበልኝ፤ በረዶ ያለበት ውሃ አስመጣልኝ፤ ብርጭቆው ላብ አልቦት ነበር። ጠጥቼ ጨረስኩት። ስወጣ ካቦ ሆኜ ወጣሁ። ውሃው? አልመጣም። ፀሐይ ላይ የሚጠብቁኝ ልጆች መጀመሪያ ያዩት እርጥብ ከንፈሬን ነው። ከዚያ በኋላ ምሳ የጠራኝ የለም።

ስለዚህ ብቻህን አትግባ አልኩህ! ሻይ እንጠጣ ቢሉህም አትግባ። የተባለውን ሁሉ እዚያው ደብተርህ ላይ ጻፍ፤ ለጓደኞችህ ሳታስነብብ እንዳትፈርም። ጀርባህንም ተጠንቀቅ፤ ከባድ ነገር ቀበቶ ሳታስር አታንሳ። በርበሬውን እህትህ በሰው ትልክልሃለች።

ኮርቼብሃለሁ እኮ፣ አትቀየመኝ። ሰኞ ስብሰባ አለህ አሉ። አብሮህ የሚገባው ማን እንደሆነ እሁድ ማታ ጻፍልኝ።

አባትህ