የጠመኔና የወረቀት መግዣ ብር ለምን ጥር ላይ ይደርሳል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ጤና ይስጥልን። ይሄን ደብዳቤ ምፅፈው ስለ አንደኛ ደረጃ ት/ቤቶች የሥራ ማስኬጃ በጀት ነው፣ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

እኔ ምኖረው ጉራጌ ዞን ገጠር ውስጥ ነው። ሁለት ልጆቼ የመንግስት ት/ቤት ነው ሚማሩት፣ ሴቷ 3ኛ ወንዱ 6ኛ ክፍል፣ እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት የወላጅ መምህር ህብረት (ወመህ) አባል ሆኜ ሰርቻለሁ። ወመህ ከመግባቴ በፊት እንደማንኛውም ወላጅ መንግስት ት/ቤት ከከፈተ ሁሉንም ነገር ይችላል ብዬ ነበር ማስበው። ገብቼ ሳየው ደነገጥኩ። ከወረዳው የትምህርት በጀት ትልቁ ደሞዝ ነው፣ መምህር ደሞዙን ማግኘቱ የግድ ነው፣ ደሞዝ የዘገየባቸው ወራት ላይ መምህሮቻችን እንዴት እንደተንገላቱ በአይናችን አይተናል፣ ግን ከደሞዝ ውጪ ለጠመኔ፣ ለወረቀት፣ ለፈተና ማባዣ፣ ለተሰበረ ዴስክ ማስጠገኛ፣ ለሳሙና፣ ለሽንት ቤት በር ምትመደበው ብር በጣም ትንሽ ናት፣ እሷም በሰዓቷ አትደርስም።

ብሩ በሁለት በኩል ነው ሚመጣው። አንዱ ብሎክ ግራንት ሚባለው፣ ከመንግስት በጀት በወረዳ በኩል ሚወርደው ነው፣ ሌላው ስኩል ግራንት። ስኩል ግራንት የተጀመረው በ2001 ዓ.ም በመጣው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ነው፣ የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች ያሉበት። ሀሳቡ ጥሩ ነበር፣ ብሩ ት/ቤት ድረስ ይውረድ፣ ት/ቤቱ ከወላጅ ጋር ተነጋግሮ በራሱ እቅድ ይጠቀምበት ነው ሚለው። እኔ አሁንም ደግፈዋለሁ። ችግሩ ሂሳቡ በተማሪ ቁጥር መሆኑ ነው። ሺ ተማሪ ያለው የከተማ ት/ቤትና የኛ ዓይነት ሁለት መቶ ምናምን ተማሪ ያለው የገጠር ት/ቤት በነፍስ ወከፍ ሲሰላ እኩል ይመስላል፣ ግን እኛም እንደነሱ ጥበቃ እንፈልጋለን፣ እኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በየክፍሉ ፈተና እናዘጋጃለን፣ ለኛ ፎቶኮፒ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ትራንስፖርቱ ራሱ ብር ነው። ርዕሰ መምህሩ ሦስት ፕሮፎርማ ለመሰብሰብ ብቻ ስንት ቀን ወረዳ እንደሚመላለስ ብታዩ ታዝናላችሁ፣ ሰውየው እኮ ክፍል ገብቶም ያስተምራል።

ከሁሉ በላይ ሚያቃጥለኝ ግን ጊዜው ነው። የመንግስት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሐምሌና ነሐሴ ት/ቤት ዝግ ነው፣ ስለዚህ ብሩን ለማውረድ ሙሉ ሁለት ወር አለ ማለት ነው። በኛ በኩል ግን መስከረም የለም፣ ጥቅምት የለም፣ አምና የደረሰን ጥር ላይ ነበር። እስከዚያ ት/ቤቱ በምን ይሂድ? የአንደኛው ሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ሲደርስ ወረቀት ስላልነበረ ለታችኞቹ ክፍሎች ጥያቄው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተፃፈ፣ ልጄ ኋላ ነው ምትቀመጠው፣ ግማሹን ሳትገለብጥ ጠፋባት፣ እያለቀሰች ነው የመጣችው። ለ6ኛ ክፍል ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ከኪሱ አውጥቶ አባዛ፣ ክልላዊ ፈተና ስላለባቸው ልጆቹ የታተመ ጥያቄ ይልመዱ ብሎ። ብሩ ሲመጣ ደግሞ ሰኔ 30 ሳይደርስ ጨርሱ፣ አለዚያ ተመላሽ ይሆናል ይባላል፣ በጥድፊያ ይገዛል፣ የተገዛውም ሁሌ የሚያስፈልገው አይደለም።

ዋጋውስ? ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የአንድ ፓኬት ወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ ሱቅ የሄደ ያውቀዋል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ጀምሮ መጽሐፍ ለሁሉም ልጅ ስላልደረሰ መምህራን ሶፍት ኮፒውን ስልካቸው ላይ ይዘው ነው ሚያስተምሩት፣ ያንን አትሞ ለልጆች መስጠትም ወረቀትና ቀለም ነው። ለአንድ ተማሪ ሚታሰበው ብር ግን ወረቀቱ እንደጨመረው አልጨመረም።

የጉራጌ ሰው ማዋጣት ይከብደዋል እንዳትሉኝ። አባቶቻችን መንገድ በመዋጮ ያሰሩ ሰዎች ናቸው። አሁንም መስቀል ሲደርስ ልጆቻችን ከአዲስ አበባም ከየቦታውም ይመጣሉ፣ ለት/ቤት ተብሎ ሲጠየቅ ይሰጣሉ፣ በቅርቡም በትምህርት ለትውልድ ንቅናቄ በየቦታው ብዙ ሥራ ተሰርቷል፣ እግዜር ይስጥልን። ግን መዋጮ ሚሰበሰበው ለሚታይ ነገር ነው፣ ለክፍል ግንባታ፣ ለአጥር፣ ለዴስክ። ለጠመኔና ለፎቶኮፒ በየዓመቱ አዋጡ ማለት አይቻልም፣ የተባለም እንደሆነ ሸክሙ ሚወድቀው እዚሁ ባለው ገበሬ ላይ ነው። ምዝገባ ላይ በፈቃደኝነት ተብሎ ሚጠየቀው ብር ራሱ ፈቃድ አይደለም፣ አንዲት ጎረቤታችን ሦስት ልጆች አሏት፣ ለሦስቱም መክፈል ስላልቻለች ትንሹን ከርሞ ይግባ ብላ አስቀርታዋለች። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል መንግስት ይሸፍናል ነው የተባለው፣ ሕገ መንግስቱም አንቀፅ 41 ላይ መንግስት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት ይመድባል ይላል። እኔ ምጠይቀው ከዚህ ያለፈ አይደለም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፉት በ2014 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ሲሆኑ አገሩ ሁሉ ጮኸ፣ ተገቢም ነው። እነዚያ ልጆች ግን 1ኛ ክፍል ላይ ሆነው የታተመ ጥያቄ አይተው ያውቁ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም።

ስለዚህ ሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ከወረዳ ፋይናንስ ጀምሮ እስከ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ብሩን ነሐሴ ሳያልቅ አውርዱልን። ትንሽም ትልቅም ት/ቤት እኩል ሚያገኘው መነሻ ይኑርና ከዚያ በላይ ያለው በተማሪ ቁጥር ይሁን። የተማሪው ሂሳብም በየዓመቱ ከገበያው ጋር ይታይ። ስንት እንደተላከና መቼ እንደተላከ ደግሞ በት/ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ እኛ ወላጆች እናንብበው፣ ያነበበው ላላነበበው ይነግረዋል።

የሁለተኛው ሴሚስተር ፈተና ሰኔ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ርዕሰ መምህሩን ጠይቄው ነበር፣ ወረቀቱ ገና አልተገዛም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የወመህ አባል፣ ከጉራጌ ዞን