የላክኸው ፍላሽና የአያትህ ነጠላ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትህ? እኛ ደህና ነን። ደሴ እንደምታውቃት ናት። ዝናቡ ገና አልወጣም። ጦሳ ጭጋጉን ለብሶ ከተቀመጠ ሳምንት ሆነው። ቧንቧ ውሃ ላይ ቆሜ ቀና ስል ተራራው የለም።

ኮሜዲዎቹን የጫንህበት ፍላሽ ደርሶኛል። "እማ፣ ከነዚህ ውስጥ የትኛው እንዳሳቀሽ ንገሪኝ" ብለኸኝ ነበር። በስልክ "ሁሉም ሸጋ ነው" አልሁህ። ያ መልስ አልነበረም። ስልክ ላይ ሰው ይጣደፋል። እህትህ "በቴሌግራም ድምፅሽን ቅጂና ላኪለት" አለችኝ። እኔ ግን እያሰብሁ፣ እያቆምሁ ልነግርህ ስለፈለግሁ ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ።

ከፈረንጁ ልጀምር። ፍሬንድስ የሚባለውን እህትህ አጠገቤ ሆና እየተረጎመችልኝ አየሁት። ስድስት ወጣቶች ቡና ቤት ቁጭ ብለው ያወራሉ። በፈረንጆቹ ከ1994 እስከ 2004 አሥር ዓመት ሙሉ የታየ፣ 236 ክፍል ያለው ነው አለችኝ። ልጆቹን ወደድኋቸው። አንዱ ሲከፋው አምስቱ ይሰበሰባሉ፣ የኛን ሰፈር ይመስላል። ያልሆነልኝ ሳቁ ነው። ልጁ አንድ ነገር ይናገራል፣ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እህትህ ገና ቃሉን እየፈለገች ነው። እኔ ስደርስ ሳቁ አልቋል።

"እነማን ናቸው እነዚህ የሚስቁት?" አልኋት። እዚህኛው ላይ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጡ እውነተኛ ተመልካቾች ናቸው አለችኝ። በሌሎች ፕሮግራሞች ግን ሳቁ ከማሽን የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ቻርሊ ዳግላስ የሚባል አሜሪካዊ የድምፅ ባለሙያ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የሰው ሳቅ በቴፕ የተሞላ ሳጥን ሠርቶ ነበር። ቁልፉን ስትጫነው ሳቅ ይወጣል። ፈገግታ ብትፈልግ ፈገግታ፣ ሆድ የሚያስይዝ ብትፈልግም እሱ አለ። መጀመሪያ ተናደድሁ። መቼ እንደምስቅ ማሽን ሊነግረኝ ነው? ሌሊት ተኝቼ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ያ ሳጥን ቤቱ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው የተሠራ ነው። ጎረቤት ለሌለው።

እኛ ጎረቤት ነበረን። አባትህ ያንን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ከኮምቦልቻ ሐረጎን ሽቅብ ጋቢና ውስጥ ታቅፎት ሲመጣ በሰፈሩ ሦስተኛው ነበር። ዳንቴል ሠርቼ አለበስሁት። ማታ ማታ ቤታችን አይበቃም ነበር። አባትህ ጣሪያ ላይ አንቴና ያዞራል፣ ልጆች ደጃፍ ላይ "መጣ! ጠፋ! ትንሽ ወደ ግራ!" ይላሉ። አባባ ተስፋዬ "ጤና ይስጥልኝ ልጆች" ሲሉ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ብድግ ብሎ ይመልስላቸው ነበር። የበዓል ዋዜማ ሲሆን ከታች ያሉት የሐጂ ባለቤት ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ በአረፋና በኢድ ደግሞ እኛ እነሱ ቤት ነን። የሐጂ ባለቤት ሲስቁ ትዝ ይልሃል? መጀመሪያ ድምፅ የለውም። ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቤቱ ሁሉ እሳቸውን አይቶ ይፈነዳል። ግማሹ ሰው ቀልዱን እንኳ አልሰማውም። እኔ ከኮሜዲ የምወደው ያንን ነው።

ከቀልደኞቹ ደግሞ ሁለት ሆነው የሚሠሩትን እወድ ነበር። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሲናገር የሌላውን ፊት ታያለህ። የምስቀው ከሚናገረው ይልቅ በሚሰማው ነው። አባትህ ግን ተስፋዬ ካሳን ነበር የሚወደው። በዚህ ስንከራከር ቡና ይበርድ ነበር።

አሁን ወደማልረሳው ማታ ልምጣ። 9 ዓመትህ ነበር። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። አያትህ ከኩታበር መጥታ ነበር፣ ነፍሷን ይማርና። አንድ ቀልደኛ ወጣ፣ ስሙን አልጠራውም። ከገጠር መጥቶ ከተማ የገባ ሰው ሆኖ ነበር የሚጫወተው። ጋቢውን አጣፍቶ፣ አፉን ከፍቶ ፎቅ ያያል። "ሄድሁ" ይላል። "መጣሁ" ይላል። "በላሁ" ይላል። ሌላ ቀልድ የለውም። "ሄድሁ" ባለ ቁጥር አዳራሹ ይስቃል። ቤታችንም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አያትህ ወደ እኔ ዞረች። "ልጁ ምን አጠፋ? አማርኛው እኮ ደኅና ነው" አለችኝ።

ምን ልበላት? እውነቷን ነው። እሷም እንደዚያ ነበር የምትናገረው። እኔም እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምናገረው። ይኸው ደብዳቤውንም በዚያው ነው የምጽፍልህ። ሰውዬው የሳቀብን በአፋችን ነበር። እኔ ግን አብሬ ሳቅሁ። ከተማ ስኖር ብዙ ዓመት ሆኖኝ ስለነበር የሚሳቅባቸው እነሱ እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ ይሆናል።

በማግስቱ አንተ የሷን ነጠላ ተከናንበህ ጓሮ ለጓደኞችህ "ሄድሁ፣ መጣሁ" ስትል ሰማችህ። ልጅ ነበርህ። ያየኸውን ነው የደገምኸው። ለዚህ ዛሬ ቅር እንዳይልህ፣ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። አልተቆጣችህምም። ጠርታ ነጠላውን ተቀበለችህና ቆሎ ዘግና ሰጠችህ። ከዚያ ወዲያ ግን እንግዳ ሲመጣ ዝም ማለት ጀመረች። ኩታበር እያለች የሠርጉን ቤት በጨዋታ የምትይዝ ሴት፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ጥግ ይዛ እጇን አጣምራ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ለሐጂ ባለቤት ስታወራ "ሄድኩ" ለማለት ስትሞክር ሰማኋት። አፏ እምቢ አላት። መሀል ላይ አቁማ "ተይው፣ ይቅር" አለች። ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ሳቋን የመለሰልን ሚስተር ቢን ነው። ከሲዲ ቤት ተከራይታችሁ ያመጣችሁት። ሮዋን አትኪንሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ራሱ የተጫወተበት የቴሌቪዥን ተከታታይ 15 ክፍል ብቻ መሆኑን የነገረችኝ እህትህ ናት። ቤታችን ግን መቶ ጊዜ ስላየነው መቶ ክፍል ያለው ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው አይናገርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አያትህም አንተም እኩል ናችሁ። የሚተረጉም አያስፈልግም፣ "እንዴት ነው ያለው?" የለም። ያ የገና ዕለት ትልቁ ዶሮ፣ ቱርክ የሚሉት፣ ጭንቅላቱ ላይ የተሰካበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሁላችንም ወለል ላይ ወድቀን ስንስቅ አያትህ ቀስ ብላ "ይህንን ዶሮ 12 ብልት ማን ያወጣለታል?" አለች። የሐጂ ባለቤት ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ተረሳ። ሁላችንም በሷ ንግግር ነበር የምንስቀው። እሷም ታውቀው ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ ተቀመጠች።

አየህ፣ የሷ ጨዋታ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። ከአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች ሁሉ የምትወደው አንዱን ነው። አለቃ በመንገድ ሲያልፉ አህያ የምትነዳ ሴት አገኙና "እንደምን ዋልሽ፣ የአህዮች እናት?" አሏት ይባላል። ሴትዮዋ ምንም ሳትደነግጥ "ደኅና፣ ልጄ!" አለቻቸው። ያ ሁሉ ሊቅነት በሁለት ቃል። አያትህ ይህንን ስታወራ "ደኅና፣ ልጄ" ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርገው ነበር። እኔ ቀልዱን በዓመት አሥር ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አሥር ጊዜም ስቄአለሁ።

ከቅርቦቹ ቤቶች የሚባለውን ድራማ እወደው ነበር፣ የጥላሁን ጉግሳን። የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው፣ ንትርካቸውም የቤት ንትርክ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በፋና ይታይ የነበረው ምን ልታዘዝ። አንድ ካፌ ነው፣ ከዚያ አይወጡም። ግን ካፌው ውስጥ የሚሆነው ሁሉ አገሩን ይነካ ነበር። እዚያ የሚሳቅበት ከላይ ያለው ነው። ከታች ያለው ነው የሚያስቀው። ቃና በ2008 ሲመጣ ሰፈሩ ወደ ቱርክ ድራማ ዞሮ ነበር፣ እኔ አልዘለቅሁበትም። ማልቀሻ አላጣሁም።

በ2014 በጦርነቱ የሆነውን ታውቀዋለህ። ከስደት ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ቴሌቪዥኑ የለም። የቆመበት ጠረጴዛና ዳንቴሉ ብቻ ቀርተዋል። ብዙ ቀን ማንም አልሳቀም። አንድ ማታ የሐጂ ባለቤት የልጅ ልጅ ስልክ ይዞ መጣና አንድ አጭር ቪዲዮ አሳየን። ምን እንደነበር እንኳ አላስታውስም። የሐጂ ባለቤት ትከሻ ሲንቀሳቀስ ግን አየሁ። ያን ቀን "እንግዲህ ተርፈናል" አልሁ። አሁን ያለውን ቴሌቪዥን የገዛህልን አንተ ነህ። ዳንቴሉ አይሆነውም፣ ስስ ነው። ግን ግድግዳው ላይ ከጎኑ ሰቅየዋለሁ።

ፍላሹ ላይ መጨረሻ የነበረውንም አይቼዋለሁ። ምንም አልነገርኸኝም ነበር። እህትህ ስትከፍተው አንተ ነጠላ ተከናንበህ ወጣህ። ካፌ ገብተህ "መጣሁ" ስትል ልቤ ቀጥ አለ። ያ የጓሮው ቀን መጣብኝ።

ከዚያ ግን እያየሁ ሄድሁ። እጅህን አጣጥፈህ የምትቀመጠው አቀማመጥ፣ ወንበሩን መጀመሪያ በመዳፍህ ጠረግ የምታደርገው፣ እሷ ናት! ሴት ሆነህ በመጫወትህም አላፈርሁብህ። አባባ ተስፋዬ ራሳቸው በወጣትነታቸው፣ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን፣ መድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ቅር ያለኝ መጨረሻው ነው። አስተናጋጁ ማኪያቶ ያመጣል፣ አያትህ አረፋውን አይታ ግራ ይገባታል፣ አስተናጋጆቹ ይስቃሉ፣ አለቀ። እሷን እዚያ ትተሃት ሄድህ። ከዚያም ላይ የማሽን ሳቅ ጨመርህበት።

ልጄ፣ ያ ነገር እኮ በእውነት ሆኗል። አንተ አልነበርህም። ፒያሳ ካፌ ወስጃት ማኪያቶ መጣላት። ዝም ብላ ጠጣች። ጠጥታ ስትጨርስ አስተናጋጁን ጠራችውና "የኔ ልጅ፣ አረፋውን ጠጣሁት። ቡናው መቼ ይመጣል?" አለችው። ልጁ ሳቀ፣ ጎን ያሉት ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ሄዶ የሠራተኞቹን የጀበና ቡና አመጣላት። ሦስት ስኒ ጠጣች። ሂሳብ አልተቀበላትም።

ስለዚህ ንግግሯን አትለውጥ። "ሄድሁ"ም ትበል፣ "ጠጣሁት"ም ትበል። "ጠጣሁት" ካላለች ደግሞ አይጥምም። መልሷን ብቻ ስጣት። አስተናጋጁ ቡናውን ይዞ ይምጣ። ሳቁንም ከሳጥን አታስገባበት። ሠርተህ ስትጨርስ ለእንቁጣጣሽ ይዘኸው ና። ዋዜማው ዕለት የሐጂ ባለቤትን እጠራቸዋለሁ። ጉልበታቸው ስለደከመ አንተ ሄደህ ደግፈህ ታመጣቸዋለህ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ትከሻቸውን እያየህ ቁጭ በል። የሚሳቅበትን ቦታ ያሳዩሃል።

ፍላሹን ከቆሎው ጋር ልኬልሃለሁ፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረው ውስጥ ነው። እህትህ ቦታ እንዲኖርህ ብላ ሌሎቹን አጥፍታቸዋለች። ሚስተር ቢንን ግን ተዪለት አልኋት።

እናትህ
ከደሴ